ክራርና ቀለብ

ባለፈው ሴሚስተር ከመኝታ ክፍላችን ልጆች አንዱ ክራሩን ሸጠ። ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል ወሬ አይደለም። በግቢያችን ምን የማይሸጥ ነገር አለ? ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ስልክ ይሸጣል፤ ክራር ቢሸጥ ምን ይደንቃል? እኛንም ያን ዕለት ብዙ አልደነቀንም። «ደግ አደረግህ፤ እናት ትቅደም እንጂ!» አልነውና ወደ ሻያችን ተመለስን። ይህችን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ክራሩ ከተሸጠ በኋላ የመጣብን ሐሳብ ነው።

ወዳጃችን ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ክራሩን የገዛው ከነን ካፌ ገንዘቡ ላይ በየወሩ እየቀነሰ ነበር። ምሳና እራቱን አንድ ላይ አድርጎ በዐሥር ሰዓት የሚበላበት ጊዜ እንደ ነበረ እናውቃለን። ስንጠይቀው «ጾም ነው» ይለናል፤ በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ ግን እንዲያ ያለ ጾም አልነበረም። ክራሩ በመጣ ሰሞን ተንጫጭተንበታል። «እንዴ! ነገ ፈተና አለብን እኮ፤ ተወና!» ያላለው አልነበረም። ከወር በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትዝታውን ሲቃኝ ካላገኘነው «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?» እንል ጀመር። ሁለቱ ከእሱ መማር ጀምረው ነበር፤ አንደኛው ባቲን ከአምባሰል ለይቶ እስከ ማወቅ ደርሶ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቤት ተደወለ። እናቱ ታመዋል፤ ወደ ከተማ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው፤ ለመኪናና ለመድኃኒት ገንዘብ ያስፈልጋል። ወዳጃችን ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረውም። ክራሩን ተሸክሞ ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ከተገዛበት ዋጋ በግማሽ ወሰደለት። ገንዘቡን በዚያው ዕለት ላከ። እናቱ፣ እግዜር ይመስገን፣ ድነዋል።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎት ይመስለናል፣ በጨለማ ውስጥ ሒሳብ ጀመረ። «በስንት ነበር የሸጠው?» አለ። ነገርነው። «ስንት ነን?» ስምንት ነን፤ እሱን ስናወጣ ሰባት። «ለሰባት ስታካፍሉት እኮ…» ብሎ ዝም አለ። ለሰባት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ከዐሥር ቀን የሻይና የማኪያቶ ወጪ አይበልጥም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ መሆኑን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን፤ ድርሰት ጽፈንበታል፤ ማርክም አግኝተንበታል። ያን ዕለት ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ለምን ትዝ አላለንም? ጥያቄያችን ይህ ነው።

መልሱን ስንፈልግ በመጀመሪያ ያገኘነው አንድ ያልተነገረ እምነት ነው። እናቱ የታመሙበት ልጅ ጫማውን ሊሸጥ ቢነሣ ኖሮ «እንዴት ተደርጎ! በባዶ እግርህ ልትሄድ ነው?» ብለን ገንዘብ እንደምናዋጣ እርግጠኞች ነን። ክራሩን ሲሸጥ ግን የሚቀርበት ነገር ያለ አልመሰለንም። በልባችን ውስጥ ክራር ማለት ትርፍ ነገር ነው ማለት ነው። የኑሮ ውድነት ሲመጣ ቀድሞ መሸጥ ያለበት፣ ተሸጦም የማያሳዝን ዕቃ። እንግዲህ ይህ እምነት ልክ ነው ወይስ አይደለም? እስቲ እንመርምረው።

በክፍላችን በተነሣው ክርክር አንደኛው ወገን እንዲህ አለ፦ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የታክሲው ነገር እንዲህ ጣራ በነካበት ጊዜ ስለ ክራርና ጊታር ማውራት ቅንጦት ነው። የጠገበ ይዝፈን፤ የተራበ ይብላ።» ይህ አነጋገር ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለበት። ለታመመ ሰው መድኃኒት እንጂ ክራር አይቀርብም። ወዳጃችን በዚያች ዕለት ክራሩን አቅፎ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ጽሑፍ በሆነ ነበር።

ይሁንና ከዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ነገር ሾልኮ ያልፋል። «መጀመሪያ» ማለት የጊዜ ተራ ነው፤ የዋጋ ሚዛን አይደለም። ቀድሞ የሚገዛው ሁሉ ይበልጣል፣ ዘግይቶ የሚገዛው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ላይ የዝንጀሮዋ ተረት የሚሠራው «መጀመሪያ» ካለ በኋላ «ቀጥሎ» የሚባል ነገር ካለ ብቻ ነው። ለድኻ ሰው ግን በኑሮ ውድነት ዘመን «መጀመሪያ» አያልቅም። የዚህ ወር ጤፍ ሲገዛ የሚቀጥለው ወር ኪራይ ይመጣል፤ ኪራዩ ሲከፈል የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ይደርሳል። እንዲህ እያለ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በ«መጀመሪያ» ውስጥ ይጨርሳል። ኑሮ ሲወደድ ከሰው የሚወሰደው እንጀራው ብቻ እንዳይመስለን። «ቀጥሎ» የሚባለው ሁሉ ይወሰዳል፤ ይህም ሲወሰድ ማንም አይጮህም፤ ምክንያቱም ክራር በማጣት የሞተ ሰው የለም።

የፍልስፍና ኮርስ የወሰዱት ልጆች ወዲያው ግሪኮቹን ጠሩብን። ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። አሪስቶትል «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ትምህርት ሲጽፍ፣ ፊደል መቁጠር ለገንዘብም ለቤት አስተዳደርም ይረዳል፣ የአካል ማጠንከሪያ ለጤና ይጠቅማል፤ ሙዚቃ ግን እንደ እነዚህ ለአንዳች ነገር ስለሚጠቅም አይደለም ይላል። ሙዚቃ የተገባው ሰው ከሥራው ዐርፎ የራሱ ለሚሆንበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በእሱ ሐሳብ የሙዚቃ «ጥቅም አልባነት» ነውር አይደለም፤ ክብሩ ነው። ፕላቶም «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ ስለሚያልማት ከተማ ሲናገር ብዙ አውታር ያላቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ያባርርና፣ ክራር መሰሎቹን ለከተማው፣ የሸምበቆ ዋሽንቱን ለእረኞቹ ይተዋል። ያ ሁሉ የተከለከለባት ከተማ እንኳ እረኛውን ዋሽንቱን አልነጠቀችውም! የእኛ ዘመን ገበያ ከፕላቶ የበለጠ ጨካኝ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን በደስታ ተነሣ። «እረኛ ካላችሁ ወደ ራሳችን አገር ኑ» አለ። እውነት ነው። በአገራችን ሙዚቃ የሀብታም ብቻ ሆኖ አያውቅም። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይቆረጣል፤ እረኛው በቢላዋው አራት ቀዳዳ ይበሳዋል፤ አለቀ። የመሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። የከበሮ ልብሱ ቆዳ ነው። ዐሥሩ የበገና አውታሮች የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። እንጨቱ ከጓሮ፣ ቆዳው ከታረደው ከብት፣ ጭራው ከፈረሱ፤ መሣሪያው የሚወጣው ከዚያው ከገበሬው ቤት ነው። ዛሬም የገጠር ሕፃናት ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ ክራር ሲሠሩ ያላየ የለም። እንግዲህ ሙዚቃ ከሆድ በኋላ የሚመጣ ቅንጦት ቢሆን ኖሮ፣ ሆዱ ሞልቶ የማያውቀው እረኛ ዋሽንት ባልቆረጠም ነበር።

ይህ ክርክር ልባችንን ደስ አሰኝቶታል። ግን በዚሁ አቁመን «ያ ደጉ ዘመን!» ብለን ብንዘጋው ራሳችንን እናታልላለን። መሲንቆው ርካሽ ነበረ፤ መሲንቆ መቺውስ? «አዝማሪ» የሚለው ቃል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስድብ ነበር። ቆዳውን የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ፣ ብረቱን የሚመታው «ቀጥቃጭ» እየተባለ፣ ቡዳ ነው ተብሎ እየተፈራ፣ ከሰው ተራ ወጥቶ ይኖር ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። በገና የመኳንንትና የካህናት፣ መሲንቆ የአዝማሪ ተብሎ መሣሪያዎቹ ራሳቸው በማዕርግ ተከፋፍለው ነበር። አሪስቶትልም ቢሆን ሙዚቃን ካከበረ በኋላ፣ ለክፍያ የሚጫወተውን ባለሙያ ከጨዋ ሰው ተራ አውጥቶታል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ርካሽነት ከሰማይ አልወረደም። የሰው እጅ ርካሽ ስለ ነበረ መሣሪያው ርካሽ ሆነ። ዋጋውን ከፋይ ነበረው፤ ከፋዩ ግን ገዢው አልነበረም።

ይህን ካስተዋልን በኋላ «ክራር ለምን ተወደደ?» የሚለውን ጥያቄ በድፍረት መጠየቅ አቃተን። ክራር ሠሪውም እኮ ጤፍ ይገዛል። እሱም ኪራይ ይከፍላል። እንጨቱን ፈልፍሎ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ ቀንበሩን አስሮ፣ አውታሩን እስኪያስማማ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ የሕይወቱ ጊዜ ነው። «ቀንስልን» ስንለው፣ «አንተ ትንሽ ብላ፣ እኛ እንዝፈን» ማለታችን ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ «የጠየቅኸውን እንክፈልህ» እንዳንለው ኪሳችን ባዶ ነው። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ድኾች በአንድ ክራር ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

በዚህ ላይ የገበያው ነፋስ ተጨመረበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን ከውጭ የሚመጡ ናቸውና የሆኑትን መገመት አያቅትም። «ክራር ግን የአገር ውስጥ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ ዛሬ የሚሸጠውን ክራር አገላብጣችሁ እዩት፤ አውታሩ ናይለን ወይም የብረት ሽቦ ነው፤ የብዙው ሆድም የፋብሪካ ሳህን ነው። ስለዚህ የክራር ዋጋ በሁለት በኩል ይጎተታል፤ በአንድ በኩል ዶላሩ፣ በሌላ በኩል የሠሪው ቀለብ። በዛጎልና በጥልፍ ያጌጠው፣ የማይቃኘው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ክራር ግን ገበያ አላጣም። የወዳጃችንም ክራር የሄደው ወደዚያው ነው።

ርካሽ መንገድ መፈለግ ምን እንደሚያስከትል ከታሪካችን ሌላ ምሳሌ አለ። የነሐስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው ተራ ሰው ገዝቶት አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሥ ለቤተ መንግሥት በስጦታ መጣ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላም ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦሩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ አቋቋመ። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው። ድኻ ልጅ በሕልሙም የማይገዛውን ሳክስፎንና ትራምፔት በእጁ አስገብቶለታል፤ ያ ሁሉ ዛሬ በዓለም የሚደነቅ ሙዚቃም ከዚያ ወጥቷል። ግን መሣሪያው የጌታው ነውና ዘፈኑንም የሚያዘው ጌታው ነበር፤ ከሥራ የወጣ ባዶ እጁን ይወጣል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ሲያፍነው፣ ቀስ በቀስም አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰው ባንድ ሲተካ፣ ወጪው ቀነሰ፤ ከወጪው ጋር ነፊውም ከበሮ መቺውም ቀነሰ። ርካሽነት ሁልጊዜ አንድ ሰው ከበሩ ውጭ ያስቀራል።

ከመካከላችን አንዷ፣ በሌላ ሕንፃ ብትኖርም የክርክራችን ተካፋይ የሆነች እኅታችን፣ ሌላ ነገር አነሣች። «እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቡ» አለች። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ ፒያኖ ደርዳሪ ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተምረዋል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ግሸን ማርያም ወጥተው ዐሥር ዓመት ያህል ከፒያኖ ርቀው በባዶ እግራቸው ኖረዋል። «ታዲያ ያለ መሣሪያ መኖር ይቻላል ማለት ነው እንዴ?» ብለን ጠየቅናት። «አይደለም» አለች። «እሳቸው ተዉት፤ የኛ ልጅ አጣው። መተውና ማጣት አንድ ናቸው?» ምንም አልመለስንላትም። እውነት ነው፤ የሚተው ሰው የሚተወው ነገር በእጁ መኖር አለበት። ድኻውን «ምናኔ ነው፣ ለነፍስህ ይጠቅምሃል» ማለት ፌዝ ነው። እኛም «ደግ አደረግህ» ስንለው ማጣቱን መተው አስመስለን አሞገስንለት። ምስጋናችን ምንም አላስወጣንም፤ እሱን ግን ክራሩን አስወጣው።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያው እንድረስ። መሣሪያው እንዳይወደድ ሠሪውን ማራቆት በደል ነው። ሠሪው እንዳይራቆት ሙዚቃን ለባለጸጋ ብቻ መተውም በደል ነው። መሣሪያውን ጌታ ገዝቶ ሲሰጥ ዘፈኑ የጌታው ይሆናል። ታዲያ ምን ቀረ? እኛ የሚታየን አንድ መንገድ ነው፤ አዲስም አይደለም። በየሰፈራችን ዕድር አለ። የዕድሩ ድንኳን የማን ነው? ትልልቁ ድስት፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ የማን ነው? የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ድንኳን ግዛ ቢባል ይከስራል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ስለሚያዋጣ ግን በሐዘን ቀን ድንኳን ያጣ ድኻ የለም። የቤተ ክርስቲያኑም ከበሮ እንዲሁ ነው። «የኔ ነው» የሚል መሪጌታ አላየንም፤ ትናንት የመጣ ተማሪም ተራው ሲደርስ ይመታዋል። ሕዝባችን ለሐዘኑና ለጸሎቱ ያወቀውን ዘዴ እኛ ለክራር ማወቅ ለምን አቃተን? ለቀብር ማዋጣት ግዴታ፣ ለዘፈን ማዋጣት ግን ቧልት ስለሚመስለን አይደለምን?

በዚህ መንገድ ሠሪው የጠየቀውን ሙሉ ዋጋ ያገኛል፤ ማንም ገዢ ግን ለብቻው አይሰበርም። ችግር የለበትም አንልም። የጋራ የሆነ ነገር ሲበጠስ ጠጋኝ ያጣል፤ «እኔ አይደለሁም የበጠስኩት» የሚል ይበዛል። ተራ ይዘለላል፤ ጠብ ይነሣል። ይህንን እናውቃለን፤ የክፍላችንን መጥረጊያ ማን እንደሚገዛ እስከ አሁን አልተስማማንም። ግን መጥረጊያ በመግዛት ላይ የተጣሉ ሰዎች ቤታቸውን ሳይጠርጉ ይኑሩ አይባልም።

እኛ ስምንታችንና እኅታችን በየወሩ ጥቂት ብር ማስቀመጥ ከጀመርን አራተኛ ወራችን ነው። መጀመሪያ የሄድነው ወደዚያው ነጋዴ ነበር፤ የወዳጃችን ክራር የለም። ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ ምናልባት በአንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል። አዲስ ክራር የሚሠራ ሰው አግኝተናል፤ የነገረንን ዋጋ አልተከራከርንም። እስከ አሁን የተጠራቀመው ግማሹን ያህል ነው። ሲገዛ የማንም አይሆንም፤ ስንመረቅም ይዘነው አንሄድም፤ በእግራችን ለሚተኩት ልጆች ከአልጋዎቹ ጋር ይቀራል።

ይህንን ጽሑፍ ለወዳጃችን ቀድመን አነበብንለት። ዝም ብሎ ሰማንና «ክራሩን በመሸጤ አልተጸጸትኩም፤ ዛሬም ቢሆን እሸጠዋለሁ» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ያኔ የከፋኝ «ደግ አደረግህ» ለማለት መቸኮላችሁ ነው» አለን። ይህንኑ ቃሉን እንድንጽፈው ፈቅዶልን ጽፈነዋል።

በሌሎቹ ሕንፃዎች የምትኖሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ በክፍላችሁ ክራር የሚሸጥ ልጅ ካለ፣ ከማመስገናችሁ በፊት ለስንት እንደምትካፈሉ ቁጠሩ። በሐሳባችን የማይስማማ ካለ ደግሞ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ እናነበዋለን፤ እንከራከራለን።